አሥራ ሦስት ኪሎ

ኢንስፔክተር የሻረግ ስትደርስ ሬሳው የሕፃናት ማከሚያ ወንበር ላይ እንደተጋደመ ነበር። ወንበሩ ለልጅ ቁመት የተሠራ በመሆኑ የዶክተር ይድነቃቸው ረጃጅም እግሮች ከጫፉ አልፈው ወለሉ ላይ ተንሰራፍተዋል። ማጅራቱ በብረት ተፈንክቷል። አንገቱን ሰማያዊ የአየር ቱቦ ጠምዝዞ ይዞታል፤ ሥጋው ውስጥ ከመስመጡ የተነሣ ከሩቅ ሲያዩት ቱቦ አይመስልም። ሟቹ ሕፃናቱ እንዳይፈሩ ብሎ በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ የሳለው ጥርሱን የሚቦርሽ ጉማሬ ደም ተረጭቶበታል። ገና ስምንት ሰዓት ቢሆንም ደሙ በቆቦ ሙቀት ደርቆ ጠቁሯል።

የሻረግ የጎብዬ ከተማ ልጅ ናት። በወንጀል ምርመራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች፤ «ፊት ውሸት ይማራል፣ እጅ ግን ትምህርት አይገባውም» ባይ ናት።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ረዳቷ ኮንስታብል ተዋቸው። «ገዳዩን ሕዝቡ መናኸሪያው በር ላይ ይዞታል። አራጌ ይባላል፣ የሮቢት ገበሬ ነው። ሸሚዙ ደም በደም ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በፊት የአራት ዓመት ልጁን ፊሊሞንን ጥርሱን ሊያስነቅል ከሚስቱ ጋር እዚህ አምጥቶ ሬሳውን ነው ይዞ የተመለሰው። ያን ዕለት የክሊኒኩን መስታወት በዱላ አድቅቆ ‹የልጄን ደም እመልሳለሁ› ብሎ ምሎ ነበር።»

«በሕይወት አለ?»

«ትንሽ ዘግይተን ቢሆን ኖሮ አናገኘውም ነበር። በድንጋይ ነው የደበደቡት።»

የሻረግ አጎነበሰችና የሟቹን አፍ በስልኳ መብራት ተመለከተች። ጥርሶቹ በደም ቀልተዋል፤ ከንፈሩና ምላሱ ግን አልተጎዱም። በላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ መካከል የጥፍር ያህል ሰማያዊ ነገር ተሰክቷል። የላስቲክ ጓንት ቁራጭ ነበር።

«ነክሶታል» አለች ቀስ ብላ። «ገዳዩ አፉን ሊያፍነው ሲል፣ ከነጓንቱ ነክሶታል። የአራጌን እጅ አይተሃል?»

«ካቴና ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጉልበቱና ፊቱ ቆስሏል። እጁ ላይ ከደም በቀር ምንም የለም።»

ኮሪደሩ ላይ የክሊኒኩ ነርስ ኢኽላስ የሻሿን ጫፍ በጣቷ እየጠመዘዘች ተቀምጣለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ስድስት ሰዓት ላይ የፊቱን በር ቆልፌ ወጣሁ» አለች። «መስጊድ ዙሁር ሰግጄ፣ ቤቴ ምሳ በልቼ ሰባት ተኩል ተመለስኩ። የጥርስ መቦርቦሪያውን አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ይጮኻል። በምሳ ሰዓት በሽተኛ የለም፤ ማን አስነሣው ብዬ እያጉረመረምኩ ሄጄ አጠፋሁት። ከዚያ ወደዚህ ዞር ስል... ያ ረቢ!»

«ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው?»

«ዕቃ የምንቀቅልበት ክፍል፣ ከማጠቢያው በታች፣ ከመጋረጃው ኋላ።»

«ቤቱን የማያውቅ ሰው ያገኘዋል?»

ኢኽላስ አሰብ አደረገች። «እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ሦስት ቀን ሰው ጠይቄያለሁ።»

«የኋላው በርስ?»

«ክፍት ነበር። ቁልፉ ያለው በሁለቱ ዶክተሮች እጅ ብቻ ነው።»

«ፊሊሞን የሞተ ዕለት ያከመው ማነው?»

የነርሷ ጣቶች ሻሹን ለቀቁት። «ዶክተር ዋሲሁን። ዶክተር ይድነቃቸው ያን ቀን ወልድያ ሄዶ ነበር» አለች።

ዶክተር ዋሲሁን የክሊኒኩ ባለቤት ነው። የደሴ ሰው፣ አርባዎቹን የተሻገረ፣ ንግግሩ የታረመ። «ወንድሜ ነበር!» እያለ ደረቱን እየመታ ገባ። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካው?» አለችው የሻረግ።

«ይኼማ የሥራችን ግብር ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሕፃን ማከም እንዲህ ነው፣ ኢንስፔክተር። አዋቂ ሲያመው አፉን ይከፍታል፤ ሕፃን ሲያመው አፉን ይዘጋል። ዛሬ ጠዋት ዳናይት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነከሰችኝ። እናቷን ለተ ሚካኤልን ጠይቁ፤ ገበያው ዳር እህል ትሸጣለች።»

«ልየው?»

ፋሻውን ፈታው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ አብጧል። በእጁ ጀርባ በኩል ሁለት ሰፋፊ፣ ጥልቅ ቁስሎች መሃል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸውን አነስ አነስ ያሉት ቅስት ሠርተው ከበዋቸዋል። የሻረግ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣ «ለመዝገብ ያህል ነው» አለችና ፎቶ አነሣችው።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ስድስት ሰዓት ላይ ሄጄ ተኛሁ። ባለቤቴ ደሴ ስለሆነች ብቻዬን ነበርኩ።»

«ልጁን ያከሙት እርስዎ ሆነው ሳለ አራጌ ለምን ይድነቃቸውን ይገድላል?»

«ለዚያ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ አንድ ነው። ደግሞም ልጁን የገደልነው እኛ አይደለንም። ከክሊኒኩ ኋላ እናትነሽ የምትባል ግግ የምታወጣ ሴት አለች። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ድዱን በቆሸሸ ብረት በጥታው ደሙ ተመርዞ ነበር። ይህንኑ ለአባትየው ነግሬዋለሁ።»

አራጌ በጣቢያው ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ በእብጠት ተዘግቷል።

«አልገደልኩትም» አለ የሻረግን እንዳየ። «ትናንት ራሱ ደውሎ ‹ነገ ሰባት ሰዓት ላይ በኋላ በር ና፣ ስለ ልጅህ እውነቱን እነግርሃለሁ› አለኝ። ከሮቢት በሚኒባስ መጣሁ። ስገባ ማሽኑ ይጮኻል፤ ሰውዬው ታንቋል። ቱቦውን ልፈታ ታገልኩ፤ በደም እየተንሸራተተ እምቢ አለኝ። ከዚያ ሮጥኩ። ማን ያምነኛል ብዬ!»

«እናትነሽንስ ምን አደረግሃት?»

አንገቱን ደፋ። «ልጅህን እሷ ናት ያበላሸችብህ ሲለኝ... ክንዷን በዱላ ሰበርኩት።»

ተዋቸው የሚኒባሱን ረዳት ፈልጎ አገኘው። መናኸሪያ የገቡት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ረዳቱ አራጌን አልረሳውም፤ መንገዱን ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሲያለቅስ ነበር።

እናትነሽ ቤቷ ከክሊኒኩ ጋር በግድግዳ የሚገናኝ ባልቴት ናት። የተሰበረ ክንዷ በእንጨት ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይድነቃቸው ጠላትዎ ነበር ይባላል፣ እማማ።»

«ነበር እንጂ! ‹የጨቅሎችን ድድ እየቆረጡ አይፍጁብን› እያለ በቀበሌ ፊት አዋርዶኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ክንዴን ሊያይ መጣና እዚህ፣ አሁን አንቺ ያለሽበት ተቀመጠ። ‹እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ የአራጌን ልጅ ነክተዋል?› አለኝ። ስንት ዓመቱ ነው ብለው አራት አለ። ‹አይ አንተ!› አልኩት። ግግ የሚባለው እኮ ገና ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ነው። ጥርሱን ሞልቶ ቆሎ የሚቆረጥም ልጅ የምን ግግ አለው? ይኼን የማያውቅ የጥርስ ሐኪም ይኖራል?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ተነሣ። ሲወጣ ጉልበቴን ሳመኝ።»

«ዛሬ በምሳ ሰዓት የሰሙት ነገር ነበር?»

«ያን ማሽን ነዋ! ሲነሣ ግድግዳዬ ነው የሚንቀጠቀጠው። በምሳ ሰዓት ሰምቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ገና አዛን ሳይል ተነሣ።»

የዙሁር አዛን የተሰማው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የሻረግ ሰዓቱን ጻፈችና ወደ ገበያው ወረደች።

ለተ ሚካኤል ቤተሰቧ ከአላማጣ በኩል የመጣ የእህል ነጋዴ ናት። ጥያቄውን ስትሰማ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች። «ዋይ አነ! አዎ ነክሳዋለች። ሐፍረቴን የት ላድርገው? ዶክተሩ ‹አይዞሽ፣ ጓንት አለኝ› ባይለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

የሻረግ ተስፋዋ ሟሸሸ። የዋሲሁን ቃል እውነት ሆነ ማለት ነው። ልጅቷ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ቆማ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች።

«ለምን ነከስሽው፣ ዳናይትዬ?»

«ሳይነግረኝ ወጋኝ! ዶክተር ይድነቃቸው ግን መጀመሪያ ያሳየኛል። መስታወቱን ያስይዘኛል። ‹ሲያምሽ እጅሽን አንሺ› ይለኛል፣ ሳነሣ ያቆማል።» ልጅቷ ስሙን ስትጠራ መዳፏን አወረደችና ሳቀች። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም። በቦታቸው ባዶ ድድ ብቻ ይታያል።

«እነዚህ መቼ ወለቁ?»

«ወር አለፋቸው» አለች እናቷ። «የወተት ጥርሶቿ ናቸው። የሚተኩት ዘገዩ ብዬ እኮ ነው ክሊኒክ የወሰድኳት።»

የሻረግ ከዚያው ሮቢት ሄደች። የአራጌ ሚስት ዓይናለም ጥቁር ለብሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል።

«ጉንጩ አብጦ ሦስት ቀን አልበላም ነበር። ክሊኒኩ ሲመዝነው አሥራ ሦስት ኪሎ ሆነ። ጠዋት ጤና ኬላም ያንኑ ነው ያሉኝ።»

«ስንት ጊዜ ወጋው?»

«አራት። ‹አልደነዘዘም› እያለ ደጋገመው። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ከሦስተኛው በኋላ ‹እማ፣ እንሂድ› አለኝ። ‹ዝም በል፣ ሊያድንህ ነው› አልኩት። አራተኛውን ሲወጋው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። እቅፌ ውስጥ ነው የቀዘቀዘው።»

በማግስቱ ጠዋት የሻረግ የፊሊሞንን ካርድ ከክሊኒኩ መሳቢያ አወጣች። ክብደት፦ 18 ኪሎ። ማደንዘዣ፦ 2 ብልቃጥ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የስምንቷ ግራ ጎን ከቀኟ ይልቅ ደመቅ ባለ ቀለም ተስሏል። ካርዱን ለኢኽላስ ስታሳያት ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ብልቃጡን እየቀየርኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አራት ነበር። መግል የያዘ ድድ ቶሎ አይደነዝዝም፤ ሌላ ቀን ይቆይ ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል እንጂ አይደጋገምም። ‹ዶክተር፣ ልጁ ትንሽ ነው› ብለው ‹አምጪ!› ብሎ ጮኸብኝ። ይድነቃቸው ከወልድያ ሲመለስ ነገርኩት። ትናንት ጠዋት በር ዘግተው ሲጣሉ ሰማኋቸው። ይድነቃቸው ‹ሰባት ሰዓት ላይ አባትየው ይመጣል፤ አንተ ብትነግረው ይሻላል። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። የአሮጊቷ ክንድ የተሰበረው በአንተ ውሸት ነው› አለው።»

«ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

«እኔም ገዳይ ነኝ ብዬ።»

የሻረግ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «የጥርስ ልክ የምትወስዱበት ሰም አላችሁ?»

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ተሰበሰቡ። ዋሲሁን ጋዋኑን ለብሶ ከመድኃኒት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። አራጌ በካቴና፣ ዓይናለም ከጎኑ፣ እናትነሽ ከፊት ለፊታቸው ሆኑ። ኢኽላስ ጥግ ቆመች። ተዋቸው በሩን ያዘ።

«ገዳዩ የአራጌን መምጣት ያውቅ ነበር» ስትል የሻረግ ጀመረች። «ስለዚህ ቀደመው። ጩኸቱ እንዳይሰማ ኮምፕሬሰሩን ያስነሣው አዛን ሳይል፣ ከስድስት ተኩል በፊት ነው። አራጌ ግን ከሰባት በፊት ቆቦ አልደረሰም። ማብሪያውም ከመጋረጃ ኋላ ነው፤ የቤቱ ሰው ካልሆነ አያገኘውም።»

«ነርሷም የቤቱ ሰው ናት» አለ ዋሲሁን።

«ናት። የኋላው በር ቁልፍ ግን የላትም፤ ዙሁር ስትሰግድም አጠገቧ የነበሩ ሴቶች አሉ። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ገዳዩን ነክሶታል፤ የእሷ እጅ ደኅና ነው። የተነከሰ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሕፃን ናት የነከሰችኝ አልኩሽ እኮ!» ትናንት የነበረው አንቱታ ከአፉ ጠፋ። «እናቷ ምስክሬ ናት!»

«መስክራለች። ዳናይት በእርግጥ ነክሳዎታለች፤ ጓንትዎን እንኳ አልቀደደችውም። እርስዎ ግን ያን ንክሻ ለሌላው መሸፈኛ አደረጉት።» የሻረግ ሁለት ሮዝ የሰም ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህን ዛሬ ጠዋት ዳናይት ነክሳዋለች። መሃሉ ባዶ ነው፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወር ሆኗቸዋል። ይህኛው ሬሳው ባለበት ሆስፒታል ከሟቹ ጥርስ የተወሰደ ነው። ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች መሃል ላይ ጎን ለጎን አሉ። ፎቶው ይኸው፤ ስፋቱ ከሳንቲሙ ጋር ተለክቷል። የሌላትን ጥርስ ከየት አምጥታ ነከሰችዎት፣ ዶክተር? የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ይህን እንዴት ይስታል?»

ዋሲሁን በፋሻ የታሰረ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ይድነቃቸውን የገደሉት አራጌ እውነቱን እንዳይሰማ ነው። ፊሊሞን አሥራ ሦስት ኪሎ ነበር። ለዚያ ክብደት ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ወጉት፤ አራት ብልቃጥ። ከሞተ በኋላ ሦስቷን ስምንት፣ አራቱን ሁለት አድርገው ጻፉ። ለአባትየው ደግሞ ግግ የማይወጣለትን ልጅ ግግ ወጥቶለታል ብለው በእኚህ ሴት ላይ ላኩት። ይድነቃቸው ይህን ደረሰበት። ግን ከጀርባዎ አልሄደም፤ መጀመሪያ ለእርስዎ ነገረዎት። የሞተውም በዚሁ ነው።»

ዋሲሁን ተነሣ። ማንም ሳያስበው ከጠረጴዛው ላይ የመንቀያ ጉጠት አንሥቶ የተዋቸውን ፊት መታው። ኮንስታብሉ ደም እየተፋ በጉልበቱ ወደቀ። ዋሲሁን በሩን ከመክፈቱ በፊት አራጌ ከነካቴናው ተወርውሮ ከኋላ ያዘው። ሁለቱም በጠረጴዛው ላይ ተገለበጡ፤ ብልቃጦች ወለሉ ላይ ተንኮታኮቱ። አራጌ የካቴናውን ሰንሰለት በሐኪሙ ጉሮሮ አሳልፎ ጉልበቱን ጀርባው ላይ ተከለና ጎተተ። የዋሲሁን ፊት ጠቆረ፤ እግሮቹ ስባሪውን ረገጡ።

«ልቀቀው!» የሻረግ ሽጉጧን አወጣች። «አራጌ፣ በሕይወት እፈልገዋለሁ!»

አልሰማትም።

«አራጌ!» አለች ዓይናለም። አልጮኸችም። «አንተንም ልቅበርህ?»

አራጌ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሰንሰለቱ ላላ። ዋሲሁን አየር እየሳበ፣ አረፋ እየደፈቀ ተንከባለለ፤ የሻረግ ክንዶቹን ወደ ኋላ አጥፋ አሰረችው።

«እኔ ልጁን ልገድል አልፈለግሁም» አለ በተቀደደ ድምፅ። «አያርፍም ነበር። ውጭ አሥር ሰው ይጠብቀኛል፤ አፉን አይከፍትም፤ ድዱ አይደነዝዝም...»

«ይድነቃቸውንስ?»

ዋሲሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከጣቢያ የተጠሩት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አራጌ በስባሪው ላይ በጉልበቱ እየዳኸ እናትነሽ እግር ሥር ተደፋ። «እማማ፣ ስለ ልጄ ነፍስ ይማሩኝ።»

እናትነሽ በደኅናው እጇ ትከሻውን ነካች። «እግዜር ይማርህ» አለች። «ክሴን ግን አላነሣም። ክንዴ ነው የተሰበረው።»

«ልክ ነዎት» አለና ተነሥቶ እጆቹን ለፖሊሶቹ ሰጠ።

ዓይናለም ከመቀመጫዋ አልተንቀሳቀሰችም። ክፍሉ ጭር ሲል የሻረግን ክንድ ያዘች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አታባብይኝ። ሦስተኛው ላይ ታቅፌው ብነሣ ይተርፍ ነበር?»

የሻረግ ይህንኑ የሆስፒታሉን ሐኪም ጠይቃ መልሱን ሰምታለች።

«ስንት እንደሚበዛበት ማወቅ የነበረበት እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለቻት።

«እኔ የጠየቅኩሽ ይኼን አይደለም።»

«ዐውቃለሁ፣ እህቴ።» የሻረግ እጇን አልነጠቀቻትም። «ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ዓይናለም ራሷን ነቀነቀች፤ እውነቱን የነገራት ሰው በማግኘቷ እንደማመስገን ያለ ነገር ነበር። ከዚያ ነጠላዋን በላይዋ ላይ አጥብቃ ጠምጥማ፣ ስባሪውን እየዘለለች ወደ አስፋልቱ ወጣች። የሮቢት ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጣራ ነበር፤ ረዳቱ የኋላውን ወንበር ለብቻዋ ለቀቀላት።